ፖርቶ ሪኮ ላይ ከአንድ ገበታ ተካፍሎ ለመብላት የትኛው ሰፈር ይሻላል?

የልጆቹ ትምህርት ቤት ለፈረንጆቹ ገና ሲዘጋ ስምንት ሆነን ከሜሪላንድ ወደ ፖርቶ ሪኮ ሄድን። እናቴ የነቢያትን ጾም ይዛለች። የወንድሜ ባለቤት ሙስሊም ናት። ሁለቱ ትንንሽ ልጆች ከተራቡ ሃያ ደቂቃ አይታገሡም። በመጀመሪያው ማታ፣ ሙዚቃው ከመንገድ የጠራን፣ ሰው ጢም ያለበት፣ ምግቡ በትንንሽ ሳህን እየወጣ መሃል ላይ የሚቀመጥበት ቤት ገባን። ሞፎንጎ የሚባለው ምግብ ምን እንደሆነ ስንጠይቅ አስተናጋጁ «ሙዝ ነው» አለን። እውነትም ሙዝ ነው፤ ነገር ግን የተወቀጠው ከተጠበሰ የአሳማ ቆዳ ጋር ነበር። ይህን የሰማነው እናቴ ሁለት ጊዜ ከጎረሰች በኋላ ነው። ያን ማታ ሌላ ነገር ሳትቀምስ አደረች። እኔም እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

በቀሩት ስድስት ቀናት አራት ሰፈሮችን እየዞርን በላን። ሙዚቃ እየተሰማ ሁሉም ከሁሉም ሳህን የሚቀምስበት ማታ ደሴቲቱ ላይ በየቦታው አለ፤ ነገር ግን አንዱን ቤተሰብ የሚያጠግበው ቦታ ሌላውን ጾሙን ያሳድረዋል። እዚህ የምግብ ቤት ስም አልጠራም። ባለቤት ይለወጣል፣ ወጥ ሠሪም ይለወጣል፤ የሰፈሩ አበላል ግን ይቆያል፤ የማወዳድረውም እሱን ነው።

ፖርቶ ሪኮን የመረጥነው ወረቀትም ስለሚቀል ነው። የአሜሪካ ግዛት ስለሆነች ግሪን ካርድ የያዘ ሰው እንደ አገር ውስጥ በረራ ይሄዳል፤ ገንዘቡም ዶላር ነው። ከዋሽንግተን አካባቢ በቀጥታ አራት ሰዓት ገደማ ይበረራል። ከአውሮፓ ወይም ከገልፍ አገሮች መጥቶ የሚቀላቀላችሁ ዘመድ ካለ ግን ያው የአሜሪካ መግቢያ ሕግ እንደሚመለከተው አስቀድሞ ይወቅ።

የእኛ ትሪና የእነሱ ሳህን

ከአንድ ገበታ መብላት ለእኛ ስለማይከብደን ነገሩን እናውቀዋለን ብለን እንገባለን። እኔም ያሰብኩት እንደዚያ ነበር። ልዩነቱ ግን ሦስት ቦታ ላይ ይወጣል።

የእኛ ትሪ አንድ ላይ ነው የሚቀርበው። እዚያ ግን ሳህኑ ወጥ ቤቱ እንደጨረሰ ይወጣል፤ የልጆቹ ምግብ መጨረሻ ሊመጣ ይችላል። የእኛን ወጥ ማንም አይቆጥረውም፤ እዚያ ግን ሳህኑ ላይ ያለው ቁራሽ የተቆጠረ ነው። አራት ቁራሽ ለስምንት ሰው ሲመጣ ትልልቆቹ እጃቸውን ይሰበስባሉ፣ ወይም ሁለት ሳህን ታዝዞ ሂሳቡ ይወጣል። ከሁሉ የሚከፋው ሦስተኛው ነው። በየአይነቱ ላይ ሽሮውና ጎመኑ አለ፤ ጾመኛው ከፊቱ ይበላል፣ ማንም አይቸገርም። እዚያ ግን ከስድስት ሳህን አምስቱ ለአንድ ሰው የማይሆኑ ከሆነ ያ ሰው ሌላው ሲበላ ማየት ነው የሚተርፈው።

ስለዚህ የመጀመሪያው መመዘኛዬ ይህ ነው፦ ከመካከላችሁ ብዙ ነገር የማይበላው ሰው ቢያንስ ሦስት ሳህን መካፈል ይችላል ወይ? ካልቻለ ሙዚቃውም እይታውም ቢያምር ሌላ ቦታ ይፈለግ። ቀጥሎ የማየው አሳማን ምን ያህል በቀላሉ መሸሽ እንደሚቻል፣ መቀመጫውና ጩኸቱ ለሽማግሌ ይሆን እንደሆነ፣ ከታክስና ከጉርሻ ጋር ጠቅላላ ሂሳቡ፣ በመጨረሻም ማታ እንዴት እንደሚመለሱ ነው።

አሳማው የት የት እንደሚደበቅ

ይህን ክፍል አረዝመዋለሁ፤ የደሴቲቱ ወጥ ቤት ውስጥ አሳማ በሥጋ መልክ ብቻ አይመጣም።

የምግባቸው መሠረት ሶፍሪቶ ይባላል፤ የእኛ ቁሌት እንደማለት ነው። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የማያቃጥል ትንሽ ቃሪያና የድንብላል ቅጠል ዓይነት ቅጠላ ቅጠል አብሮ ተፈጭቶ በዘይት ይበስላል። ሶፍሪቶው ብቻውን የጾም ነው። ችግሩ ድስቱ ውስጥ አብሮት የተከተፈ ካም (በጨው የቆየ የአሳማ ሥጋ) ወይም ሌላ የአሳማ ሥጋ ብዙ ጊዜ መጨመሩ ነው። አቢቹዌላስ ጊሳዳስ የሚሉት የቦሎቄ ወጥ ሲታይ የጾም ይመስላል፤ ካም ግን ብዙ ጊዜ አለው። አሮስ ኮን ጋንዱሌስ የሚባለው ሩዝ በአተር እንደዚሁ ነው።

ሞፎንጎ አረንጓዴ ፕላንቴይን (በስሎ የሚበላ ትልቅ የሙዝ ዓይነት) ተጠብሶ ፒሎን በሚሉት የእንጨት ሙቀጫ ከነጭ ሽንኩርት ጋር የሚወቀጥ ነው። ሥሩ አፍሪካዊ ነው፤ ከምዕራብ አፍሪካው ፉፉ ጋር ይዛመዳል። ቺቻሮን ማለትም የአሳማ ቆዳ ጥብስ አብሮ መወቀጡ የተለመደ ነው፤ ያለ እሱ እንዲሠራ ማዘዝ ግን ይቻላል። አልካፑሪያ ከአረንጓዴ ሙዝና ከጎደሬ ዘመድ ተፈቅፍቆ፣ በሥጋ ወይም በሸርጣን ተሞልቶ ይጠበሳል። በገና ሰሞን በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ የሚቀርበው ፓስቴል ቅጠሉን ሲፈቱት ደስ ይላል፤ ውስጡ ግን አብዛኛውን ጊዜ አሳማ ነው፣ ሊጡም ሞራ ሊገባበት ይችላል።

አንድ ቃል በደንብ ያዙ፦ ማንቴካ። በደሴቲቱ ስፓኒሽ የአሳማ ሞራ ማለት ነው። ቅቤ ማንቴኪያ ነው። ሁለቱ ስለሚመሳሰሉ «ማንቴካ አለው» ሲሏችሁ ቅቤ መስሏችሁ እንዳታልፉት። አስተናጋጁን «ሲን ሴርዶ፣ ሲን ሃሞን፣ ሲን ማንቴካ» በሉት፤ ያለ አሳማ፣ ያለ ካም፣ ያለ አሳማ ሞራ ማለት ነው። ከዚያ መጥበሻው ዘይት አሳማ የሚጠበስበት ይሁን አይሁን ጠይቁ። እኛ ሦስተኛው ቀን ላይ ነው ይህን መጠየቅ የጀመርነው፤ ከዚያ በኋላ እናቴ ተረጋግታ በላች።

ለጾመኛ የሚሆነው ደግሞ ከተገኘ ጣፋጭ ነው። ካሳቫ ተቀቅሎ በነጭ ሽንኩርትና በወይራ ዘይት፣ አቮካዶ በሽንኩርት፣ ቶስቶኔስ የሚባለው ጠፍጥፎ የተጠበሰ አረንጓዴ ፕላንቴይን፣ አማሪዮስ የሚሉት የበሰለው ጣፋጩ ፕላንቴይን። አረንጓዴ ሙዝ በኮምጣጤና በሽንኩርት የሚቀርበውን ጊኔዎስ ኤን ኤስካቤቼን የዶሮ ጨጓራ እንዳይጨምሩበት ብቻ ንገሩ። ለጣፋጭ ቴምብሌኬ አለ፤ ከኮኮናት ወተት፣ ከበቆሎ ስታርችና ከስኳር ተሠርቶ ቀረፋ ይነሰነስበታል፤ የላም ወተትም እንቁላልም የለውም። እናቴ ሁለት ጊዜ ያዘዘችው እሱን ነው። ከአናናስና ከኮኮናት የሚሠራው ፒኛ ኮላዳ ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የደሴቲቱ ብሔራዊ መጠጥ ነው፤ ሮም የሚባለው አልኮል ሳይጨመር ሲታዘዝ ለልጆችም ይሆናል፤ አንዳንድ ቦታ የላም ክሬም ስለሚጨምሩ ግን ጾመኛ ይጠይቅ። ምግባቸው አያቃጥልም። ሚጥሚጣ የናፈቀው ሰው ፒኬ ይበል፤ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ቃሪያ በጠርሙስ ያመጡለታል።

ዓሣ ለሚበላ ሰው ትልቁ መፍትሔ ቺዮ ፍሪቶ ነው፦ ቀይ ዓሣ ከነራሱ ተጠብሶ መሃል ላይ ይቀመጣል፤ ቅርፊትም ክንፍም ያለው ስለሆነ በእኛም ሥርዓት አያከራክርም። ኦክቶፐስ፣ ሽሪምፕና ካሩቾ የሚባለው የቀንድ አውጣ ዘመድ በየሜኑው አሉ፤ የኦሪቱን ሥርዓት የሚጠብቅ ኦርቶዶክስ አይነካቸውም። ስለዚህ «የባሕር ምግብ ስላለ አንቸገርም» ብላችሁ አትመኑ።

የጾም ጉዳይ የጥቂት ሰው እንዳይመስላችሁ። እዚያ አሜሪካ የልጆች ዕረፍት የሚውለው ጾም ላይ ነው፤ የታኅሣሡ በነቢያት ጾም፣ የፀደዩ አብዛኛውን ጊዜ በሁዳዴ፣ ነሐሴ ላይ የሄደ ደግሞ ፍልሰታን ያገኛል።

አሮጌው ሳን ሁዋን

የደሴቲቱ ዋና ከተማ የሳን ሁዋን አንድ ክፍል ነው፤ በ1521 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው፣ በግንብ የታጠረው ጥንታዊ ከተማ። ለመካፈል ታስቦ የተዘጋጀ ሜኑ፣ የተዘረጋ ጠረጴዛና እንግሊዝኛ የሚናገር አስተናጋጅ በብዛት የሚገኘው እዚህ ነው። ሜኑው ላይ «ፓራ ኮምፓርቲር» የሚል ርዕስ ካያችሁ ለመካፈል የሚሆነው ከሥሩ ያለው ነው። ስለ ሞራና ስለ ካም ረጋ ብሎ ለመጠየቅም፣ ወጥ ቤት ተጠይቆ መልስ ለማግኘትም ከአራቱ የተሻለው ይኸው ነው። እናቴ ሙሉ ማዕድ የበላችው እዚህ፣ በአራተኛው ማታ ነው።

ክፋቱ ሦስት ነው። ዋጋው ከሁሉ ይበልጣል። ጎዳናው በሰማያዊ ድንጋይ የተነጠፈ ዳገትና ቁልቁለት ስለሆነ ጉልበቱን የሚያመው ሰው በሩ ድረስ በመኪና ይምጣ። ሙዚቃው ደግሞ ጠባብ ቤት ውስጥ ስለሚጮህ ከሽማግሌ ጋር ከሆናችሁ ጊዜ አሳልፋችሁ ሳይሆን አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ግቡ፤ ባንዱ ሳይጀምር በልታችሁ፣ ሁለት ዘፈን ሰምታችሁ ትወጣላችሁ። ከስድስት ሰው በላይ ከሆናችሁ ቦታ ማስያዝ ግድ ነው። መርከብ ወደብ ላይ የቆመ ቀን ከተማው ይጨናነቃል፤ በጥር የሳን ሴባስቲያን ጎዳና በዓል ሰሞን ደግሞ ከቤተሰብ ጋር እራት ለመብላት ብላችሁ አትሞክሩት።

ላ ፕላሲታ

በዚያው በሳን ሁዋን፣ ሳንቱርሴ ሰፈር ውስጥ ያለ በ1910 እ.ኤ.አ. የተሠራ የገበያ አዳራሽ ነው። ቀን አትክልትና ፍራፍሬ ይሸጥበታል፤ ከሐሙስ ማታ እስከ ቅዳሜ ግን ዙሪያውን ያሉት ቤቶች ጠረጴዛ አውጥተው፣ የሳልሳ ሙዚቃ ከፍተው፣ አደባባዩ በሰው ይሞላል። ከአራቱ በጣም የደመቀው እሱ ነው። ቆሞ መብላት፣ ሳህን በእጅ መቀባበል፣ ከማያውቁት ሰው ጋር መጨፈር ያለበት ቦታ ነው።

ለወጣቶች ቡድን ከዚህ የሚበልጥ አላየሁም፤ ወንድሜና ጓደኞቹ እስካሁን ያወሩታል። ከሕፃንና ከእናት ጋር ግን አይሆንም። አስተናጋጁ በጩኸቱ ውስጥ «ሲን ማንቴካ» ያላችሁትን አይሰማም፤ ቢሰማም ወጥ ቤቱ በዚያ ግርግር ለይቶ አይሠራላችሁም። በቀን ሄዳችሁ አቮካዶና ፍራፍሬ መግዛት ግን ይቻላል። ያረፋችሁበት ቤት ወጥ ቤት ካለው፣ ለጾመኛው ምሳ ሠርቶ ማታ ሌላውን ማዘዝ ቀላል መፍትሔ ነው።

ፒኞኔስ

ከአየር ማረፊያው በስተምሥራቅ፣ በባሕሩ ዳር በሎይሳ ወረዳ ያለ ሰፈር ነው። የሎይሳ ሕዝብ የአፍሪካ ዘር ሥሩን አጥብቆ የያዘ ነው፤ ቦምባ የሚባለው የከበሮ ጭፈራም እዚያ ሕያው ነው። በእንጨት እሳት ላይ የተጣዱ ትልልቅ መጥበሻዎች ታያላችሁ፤ ጭሱ የእኛን አገር ያስታውሳል። አልካፑሪያና ባካላይቶ ተጠቅልሎ በወረቀት ይሰጣል። ባካላይቶ በጨው ከደረቀ ዓሣ የሚሠራ ስስ ቂጣ ነው፤ ከአንዱ ጫፍ ይዘው ሲቆርሱት እንደ እንጀራ ይካፈሉታል። በጣም የወደድኩት ቦታ ነው፤ ከአራቱም ርካሹ ነው፤ ከሳን ሁዋን ሆቴሎችም ቅርብ ነው።

ግን እዚህ መጥበሻው አንድ ነው። በሞራ የሚጠብስም በተራ ዘይት የሚጠብስም አለ፤ በዘይት ቢሆን እንኳ ያው ዘይት ውስጥ ሁሉም ይገባል። ጥብቅ ጾመኛ ወይም ሐላል የሚጠብቅ ሰው ቀዝቃዛ ኮኮናትና አቮካዶ ካልሆነ ብዙ አያገኝም። ጥሬ ገንዘብ ያዙ፤ የአካባቢው ሰው በስልክ የሚከፍልበት መተግበሪያ የደሴቲቱን ባንክ ስለሚፈልግ ለእንግዳ አይሠራም። እጅ መታጠቢያ ውኃ በጠርሙስ ይዛችሁ ሂዱ። እሑድ ከሰዓት መንገዱ በመኪና ይጨናነቃል።

ሉኪዮ

ከሳን ሁዋን በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ በምሥራቅ በኩል፣ ከባሕር ዳርቻው ጀርባ በረድፍ የቆሙ ቁጥር ያላቸው ስልሳ ያህል ኪዮስኮች ናቸው። ኪዮስክ ይባሉ እንጂ ብዙዎቹ ጠረጴዛና ወንበር ያላቸው ምግብ ቤቶች ናቸው። ለድብልቅ ቤተሰብ ከሁሉ የተሻለው ይህ የሆነው በአንድ ምክንያት ነው፦ ከአንዱ ዓሣ፣ ከሌላው ካሳቫና ቶስቶኔስ ገዝታችሁ አንድ ላይ ማቅረብ ይቻላል። መጀመሪያ የተቀመጣችሁበትን ቤት ፍቀዱልን በሉ፤ መጠጡን ከእነሱ ስንገዛ እኛን የከለከለን የለም። ልጆቹ አሸዋ ላይ ይሮጣሉ፣ ምግቡ ሲደርስ ይጠራሉ። የኤል ዩንኬ ደን ቅርብ ስለሆነ ጠዋት እሱን አይቶ ምሳን እዚህ መብላት ቀኑን ይሞላዋል።

መኪና መከራየት ያስፈልጋል፤ ማታ የሚመልስ የታክሲ መተግበሪያ እዚያ ማግኘት ያስቸግራል። ድምቀቱም የቀን፣ በተለይ የቅዳሜና የእሑድ ነው።

ጓቫቴን በአንድ አንቀጽ ልለፈው። በካዬይ ተራሮች መካከል መንገድ ዳር ሙሉ አሳማ በእንጨት ተሰክቶ የሚጠበስበት፣ እሑድ እሑድ ባንድ የሚጫወትበት ዝነኛ ቦታ ነው። አሳማ የሚበላ ወዳጅ ያለው ይላከው፤ ለእኛ ገበታ አይሆንም።

በአንድ እይታ

| መመዘኛ | አሮጌው ሳን ሁዋን | ላ ፕላሲታ | ፒኞኔስ | ሉኪዮ |
|---|---|---|---|---|
| ጾመኛ የሚካፈለው | ሦስትና ከዚያ በላይ ሳህን | አንድ ወይም ሁለት | በጣም ጥቂት | ሦስት፣ ከተለያየ ኪዮስክ |
| አሳማን መሸሽ | ጠይቆ ይቻላል | አስቸጋሪ | በጣም አስቸጋሪ | መርጦ ይቻላል |
| መቀመጫ | ጥሩ፣ ቦታ የሚያዝ | በአብዛኛው መቆም | አግዳሚና አሸዋ | ጠረጴዛ አለ |
| ድምቀት | የማታ ባንድ | ከሁሉ በላይ | ባሕርና ከበሮ | የቀን ጨዋታ |
| ወጪ | ከፍተኛ | መካከለኛ | ዝቅተኛ | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ |
| መመለሻ | ቀላል | ቀላል | ቅርብ፣ እሑድ ይጨናነቃል | የኪራይ መኪና |

ሂሳቡ

ሜኑ ላይ ያለው ዋጋ የምትከፍሉት አይደለም። የደሴቲቱ የሽያጭ ታክስ 11.5% ነው፤ የተመሰከረላቸው ምግብ ቤቶች በተዘጋጀ ምግብ ላይ 7% ያስከፍላሉ፣ አልኮል ግን በ11.5% ይታሰባል። 200 ዶላር ምግብ በልታችሁ ታክሱ 7% ከሆነ 14 ዶላር፣ ጉርሻ 18% ብትሰጡ 36 ዶላር፤ ድምሩ 250 ይመጣል። ብዙ ሰው ሲሆን ጉርሻውን ራሳቸው ይጨምሩበታል። ደረሰኙ ላይ «ፕሮፒና» የሚል መስመር ካለ ተከፍሏል ማለት ነው፤ ሳያዩ የደገሙት ሌላ 36 ዶላር ያወጣሉ። እኛ አንድ ማታ ደግመናል።

ዓሣው ላይ ዋጋ ካልተጻፈ በዕለቱ ገበያ ወይም በክብደት ነው የሚሸጠው፤ ከመጠበሱ በፊት ስንት እንደሆነ ጠይቁ። ሳህን ስታዝዙ «ኩዋንቶስ ትራኤ?» በሉ፤ ስንት ቁራሽ ነው የሚመጣው ማለት ነው። ለስምንት ሰው መጀመሪያ ስድስት ሳህን እዘዙ፣ የልጆቹን ቀድማችሁ፤ ሞፎንጎ ከባድ ስለሆነ አንዱ ለሦስት ሰው ይበቃል። ስድስቱ ሲያልቅ የጎደለውን ጨምሩ።

ለማን የትኛው

ጾመኛ እናት ወይም ሐላል የሚጠብቅ ሰው ይዛችሁ አንድ የደመቀ ማታ ብቻ ካላችሁ፣ አሮጌው ሳን ሁዋን ይሁን፤ ገንዘቡ ይከብዳል እንጂ ሁሉም ይበላል። ቦታ ስታስይዙ ያለ አሳማና ያለ ሞራ የሚቀርቡ ስንት ሳህኖች እንዳሏቸው በስልክ ጠይቁ፤ ከሦስት በታች ካሏችሁ ሌላ ቤት ደውሉ።

ልጆች ላሉትና ወጪ ለሚቆጥብ ቤተሰብ ሉኪዮ ነው፤ የመኪና ኪራዩ ቢጨመርም ለስምንት ሰው ከከተማው እራት ቀሎ አግኝተነዋል። ሁሉን የሚበሉ ወጣቶች ሐሙስ ወይም ዓርብ ማታ ላ ፕላሲታ ይውጡ፤ ደሴቲቱ ላይ አልኮል ለመጠጣት የሚፈቀደው ከ18 ዓመት ጀምሮ ስለሆነ ከኮሌጅ የመጡ ልጆች ያላችሁ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ሁለት ሰው ብቻ ከሆናችሁና ኪሳችሁ ከሳሳ፣ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ከሰዓት ፒኞኔስ ሂዱ፤ መጀመሪያ የትኛው ኪዮስክ እንደተከፈተ ጠይቁና አንድ ባካላይቶ ለሁለት ቆርሳችሁ ባሕሩ ዳር ተቀመጡ።

እናቴን ይዤ ብመለስ ጠዋት ሉኪዮ፣ በማግስቱ ማታ አሮጌው ሳን ሁዋን እወስዳታለሁ። ካሳቫው፣ አቮካዶው፣ ቶስቶኔሱና ቴምብሌኬው ከሁሉም ሳህን በፊት ይታዘዛሉ።